ምስጥ በገባበት ሙዚየም መድኃኒት ከመረጨቱ በፊት መሠራት ያለበት

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው በምዕራብ ኢትዮጵያ በአንድ ከተማ የሚገኝ አነስተኛ ሙዚየም ኃላፊ ናቸው። ሙዚየሙ ያለበት ቤት የድንጋይ መሠረት ያለው አሮጌ የእንጨትና የጭቃ ቤት ሲሆን፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከወለሉ ተነሥቶ ግድግዳውን ይዞ የወጣ የአፈር መስመር ከአንድ የቺፕውድ ማሳያ ሣጥን ጀርባ ተገኝቷል፤ በሣጥኑ ታችኛ መደርደሪያ ላይ የነበሩ አንድ የገበጣ ሠሌዳና አንድ መሶብም ተበልተዋል። በአጠገቡ የብራና መጻሕፍትና የነሐስ መስቀሎች አሉ። አንድ መድኃኒት ረጪ ቤቱን ዘግቶ የእህል ነቀዝ ኪኒን ለማስቀመጥ፣ ቀጥሎም ግድግዳውንና ዕቃውን በሙሉ ለመርጨት ሐሳብ አቅርቧል። የግቢው ሰዎች ደግሞ በምሰሶዎቹ ሥር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስ ይበቃል ብለዋል። ጠያቂው ሠራተኛንም፣ ጎብኚንም፣ ቅርሱንም የማይጎዳው መንገድ የትኛው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ክቡር ጠያቂ፣ ሁለቱንም ሐሳቦች እንዳይቀበሉ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። የእህል ነቀዝ ኪኒን የሚባለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለውን ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ፣ በኮርኒስና በበር ሥር አልፎ በጎን ባለ ክፍል የተኛን ዘበኛ ሊገድል ይችላል። ከሰው አደጋ ባሻገር ፎስፊን መዳብን፣ ነሐስንና ብርን የሚያበላሽ ስለሆነ፣ መስቀሎቹ በምስጥ ሳይሆን በመድኃኒቱ ይጎዳሉ። ይህ ሁሉ ከደረሰ በኋላም ምስጡ አይጠፋም፤ ጋዙ ከመሬት በታች ወዳለው ጎጆ አይደርስም፣ ቤቱ ከተናፈሰ በኋላም የሚቀር ኃይል የለውም። የተቃጠለው ዘይት በበኩሉ ለአጥር እንጨት የለመድነው ቢሆንም ለሙዚየም አይሆንም። እሳት ያባብሳል፣ በውስጡ ያሉት ከባድ ብረቶች አፈሩን ይበክላሉ፣ ሽታውና ትነቱ በጨርቅና በብራና ላይ ያርፋል፤ በምሰሶው ቅርፊት ላይ ከመቀባቱ በቀር በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ የሚሄደውን ምስጥ አያግደውም።

ትክክለኛውን መንገድ ለመምረጥ ከምን ዓይነት ተባይ ጋር እንደተያያዝን ማወቅ ይገባል። በአገራችን በተለይም በወለጋ አካባቢ ቤትና ሰብል በመጉዳት የታወቁት እንደ ማክሮተርመስ፣ ኦዶንቶተርመስና ማይክሮተርመስ ያሉት ምስጦች በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። የበሉትን እንጨትና ሣር ወደ ጎጆአቸው ወስደው በላዩ ፈንገስ ያለማሉ፤ ንግሥቲቱ፣ እጮቹና የፈንገስ እርሻው ያሉት እዚያው መሬት ውስጥ ነው። ከሣጥንዎ ጀርባ ያዩት የአፈር መስመር ሠራተኛ ምስጦቹ ከብርሃንና ከድርቀት ተሸሽገው የሚመላለሱበት መተላለፊያ ነው። ሠራተኛ ምስጥ ቆዳው ስስ ስለሆነ ከአፈሩና ከእርጥበቱ ሲለይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደርቆ ይሞታል። ለእርስዎ ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል፦ በገበጣው ውስጥ የተገኘው ምስጥ በገበጣው ውስጥ አይኖርም፣ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ ነው፤ ስለዚህ መቆረጥ ያለበት መንገዱና ውኃው ነው እንጂ ቅርሱ መድኃኒት መጠጣት የለበትም።

ይህ የሚሠራው ግን ተባዩ በእርግጥ የአፈር ምስጥ ከሆነ ነው። በእንጨቱ ላይ አፈር የሌለበት ክብ ቀዳዳ ካለና ከሥሩ ዱቄት የሚመስል ነገር ከረገፈ የእንጨት ነቀዝ ነው። የሰሊጥ ፍሬ እንኳ የማያህል፣ ስድስት ጎን ያለው ደረቅ ኩስ ተከማችቶ ከተገኘ ደግሞ ደረቅ እንጨት ውስጥ የሚኖር፣ አፈር የማያሻው የምስጥ ዓይነት ነው። የእርስዎ ምልክት የአፈር መስመር መሆኑ የአፈር ምስጥን ያመለክታል። ለማረጋገጥ ግን መስመሩን አሁኑኑ ጠርገው አያጥፉት። ብዙ ሰው ምስጥ ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው መጥረግ ነው፤ የሚያስከትለውም ምስጡ የት እንደሚመላለስ የሚያሳየውን ብቸኛ ካርታ ማጣት ነው። በምትኩ በመስመሩ ጎን በጠመኔ ቀኑን ይጻፉ፣ ፎቶ ያንሡት፣ ከዚያም ሁለት ጣት ያህል ስፋት ብቻ ይክፈቱ። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ክፍተቱ በእርጥብ አፈር ተደፍኖ ካገኙት መስመሩ በሥራ ላይ ነው። ሲከፍቱት ከሚወጡት ውስጥ ትልቅ ቡናማ ራስና መንጋጋ ያላቸውን ጥቂት ወታደር ምስጦች (የጎጆው ጠባቂዎች) በአልኮል በተሞላ ትንሽ ብልቃጥ አስገብተው፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፈው በአቅራቢያዎ ወዳለ የግብርና ምርምር ማዕከል ወይም ዩኒቨርሲቲ ይላኩ፤ የምስጥ ዓይነት የሚለየው በአብዛኛው በወታደሩ ራስና መንጋጋ ነው።

በዚሁ ቀን ምሰሶዎቹን፣ የበርና የመስኮት መቃኖቹን፣ የወለል ጣውላውንና የኮርኒሱን ጠርዝ በካቻቢቴ እጀታ እየመቱ ያዳምጡ። ጤነኛ እንጨት ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ግን ባዶ ይጮኻል። ምስጥ የእንጨቱን የውጭ ገጽ እንደ ወረቀት ስስ አድርጎ ትቶ ውስጡን ስለሚበላ፣ ቀለም የተቀባ መቃን በዓይን ሲታይ ደህና መስሎ በጣት ሲጫኑት ይገባል። ባዶ የሚጮኸው ጣሪያ የተሸከመ ቋሚ ከሆነ ሌላው ሥራ ሁሉ ቆሞ በድጋፍ እንጨት እንዲያዝ ያድርጉ፤ ጎብኚም ወደዚያ ክፍል አይግባ።

ወደ ቅርሶቹ ልመለስ። የተጎዱትንና በአጠገባቸው ያሉትን ከግድግዳው ያርቁ፤ ከማንቀሳቀስዎ በፊት ግን የመዝገብ ቁጥራቸውን፣ የነበሩበትን ቦታና ሁኔታቸውን ይመዝግቡ፣ ፎቶ ያንሡ። በጥድፊያ የወጣ ዕቃ ቁጥሩ ከጠፋ ታሪኩም አብሮ ይጠፋል፤ በብዙ አነስተኛ ሙዚየሞቻችን ምስጥ ካደረሰው ጉዳት የማያንሰው ይህ ነውና እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የተበላ እንጨት ከላይ ደህና ቢመስልም ሲይዙት ሊፈረከስ ስለሚችል በጠፍጣፋ ካርቶን ላይ አድርገው በሁለት እጅ ከሥሩ ይያዙት። በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው አፈሩን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፤ ወረቀቱ ነጭ መሆኑ በቀጣዮቹ ቀናት አዲስ አፈር ወይም ዱቄት ቢረግፍ ወዲያው እንዲታይ ነው። ከመሬት ከፍ ባለ የብረት መደርደሪያ ላይ፣ አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ቦታ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን አይሆንም፤ እርጥብ እንጨትና ብራና በድንገት ሲደርቁ ይሰነጠቃሉ፣ ይጨማደዳሉ። እርጥብ ዕቃ በላስቲክ መጠቅለልም ሻጋታ መጋበዝ ነው። ከደረቀ በኋላ በንጹሕ ላስቲክ ተዘግቶ ለተወሰኑ ሳምንታት ለብቻው ይቆይና በየጊዜው ይታይ።

ብራናውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ብራና ቆዳ በመሆኑ ምስጥ በዋናነት የሚፈልገው ምግብ አይደለም፤ የሚስበው የመጽሐፉ የእንጨት ገበታና የጥራዙ ክር ነው። ወደ ገበታው ለመድረስ ግን ቅጠሎቹን እየበሳ ያልፋል። ስለዚህ መጻሕፍቱን ሲመረምሩ ከሁሉ አስቀድመው የታችኛውን ገበታ ውስጣዊ ገጽና የጀርባውን ስፌት ይዩ። አፈር የተጣበቀበትን ቅጠል በውኃ ወይም በጨርቅ ለማጽዳት አይሞክሩ፤ ቀለሙ ይነሣል። ለብራና ጥገና የሠለጠነ ሰው እስኪያየው ድረስ እንዳለ ይቀመጥ።

ምርመራው ነቀዝን ወይም ደረቅ እንጨት በሊ ምስጥን ካሳየ ዕቃውን ራሱን ማከም ያስፈልጋል፤ ያም ቢሆን ያለ መርዝ ይቻላል። ልብስ፣ ስፌትና ቀለም ያልተቀባ ተራ የእንጨት ዕቃ በላስቲክ በደንብ ተጠቅልሎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ለሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ሲወጣም ጠሉ በዕቃው ላይ ሳይሆን በላስቲኩ ላይ እንዲያርፍ፣ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳይፈታ ይቆይ። መብራት በመሐል ተቋርጦ ዕቃው ከሞቀ ቆጠራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። በእንጨት ላይ የተሣሉ ሥዕሎች፣ ቆዳ የተወጠረባቸው ከበሮዎች፣ የዝሆን ጥርስና ከብዙ ዓይነት ነገር የተሠሩ ዕቃዎች ግን ፍሪዘር አይገቡም። ለእነዚህ የሚመረጠው አየር በማያሳልፍ ልዩ ላስቲክ ውስጥ ኦክስጅኑን ከ0.5 በመቶ በታች አውርዶ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንታት ማቆየት ነው። ይህ የመለኪያ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ስለሚጠይቅ ከቅርስ ባለሥልጣን የጥገና ባለሙያዎች ጋር ተነጋግረው ይሥሩት።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ፤ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። በጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ በነቀምቴ የኩምሳ ሞረዳ ግቢ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሐረር የሚገኙ ብዙ ነባር ቤቶች እንጨት ዋነኛ አካላቸው ነው። የእነዚህን ቤቶች ዕድሜ ያረዘመው አሠሪዎቻቸው የሐበሻ ጥድና ወይራን የመሳሰሉ፣ ምስጥ እምብዛም የማይደፍራቸውን እንጨቶች መጠቀማቸው፣ ቋሚውንም በድንጋይ ላይ ማቆማቸው ነው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በኋላ ዘመን ጥገና ነው፤ የተበላሸው ጥድ በባሕር ዛፍ ይተካል፣ የባሕር ዛፉም ሥር በቀጥታ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ከዚህ ጋር በምርጊቱ ውስጥ ያለውን ጭድ ያስቡ። ለምስጥ ጭድ ምግብ ነው፤ ስለዚህ በእንጨትና ጭቃ ግድግዳ ውስጥ ምንም የአፈር መስመር በውጭ ሳይታይ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ማገር ድረስ መሄድ ይችላል። መስመሩ በሣጥንዎ ጀርባ መታየቱ፣ እኔ እንደምገምተው፣ ምስጡ በግድግዳው ውስጥ ከቆየ በኋላ ወደ ክፍሉ የወጣበት ቦታ ነው። የዚያን ግድግዳ ምርጊት በእጅ መዳፍ ስፋት ከወለሉ አጠገብ ከፍተው ይመልከቱ፤ በውስጡ እርጥብ አፈርና የተበላ ማገር ካገኙ ግምቱ ልክ ነው።

ውኃውን ማስወገድ ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል። አሸንዳው ተቀዶ ወይም በቅጠል ተደፍኖ የጣሪያው ውኃ በመሠረቱ ላይ የሚወርድ ከሆነ ይጠገን። በግድግዳው ዙሪያ ያለው መሬት ወደ ቤቱ ሳይሆን ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይደልደል። ግድግዳውን ተደግፎ የተተከለ አበባ ካለ ይነሣ፤ ለአበባው በየቀኑ የሚጠጣው ውኃ ለምስጡም ነው። ከቤቱ ጀርባ የተከመረ ማገዶ፣ አሮጌ ጣውላ፣ የተሰበረ ወንበርና የካርቶን ክምር ከግቢው ይውጣ። ወለሉን በየማለዳው በብዙ ውኃ ማጠብ ቀርቶ በደረቅ መጥረጊያ ወይም በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጸዳ። የጭቃውን ግድግዳ የታችኛ ክፍል በሲሚንቶ ለስኖ ማጠናከር የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልደግፈውም፣ ምክንያቱም ሲሚንቶው እርጥበቱን በግድግዳው ውስጥ አፍኖ ይይዛል፣ በሲሚንቶውና በጭቃው መካከልም ከዓይን የተሰወረ መንገድ ለምስጥ ይከፍታል። በጭቃ የተሠራ በጭቃ፣ በኖራ የተሠራ በኖራ ይጠገን። የሚተካው ቋሚም ጥድ ይሁን፣ ሥሩም በአፈር ሳይሆን ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ይረፍ።

የማሳያ ሣጥኖቹን ግድግዳ ከማስደገፍ ቢያንስ አንድ ክንድ ማራቅና ከወለሉ በብረት እግር ከፍ ማድረግ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ይህ ምስጥን ፈጽሞ አያግድም፤ በብረት እግር ላይም የአፈር መስመሩን ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን መስመሩ በገሃድ ስለሚታይ ጥበቃው ጠዋት በባትሪ ሲያይ ያገኘዋል። ቺፕውድ ምስጥ በቀላሉ የሚበላው ስለሆነ በጀት ሲገኝ በብረት መተካቱ ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላም ምስጡ መመለሱን ካላቆመ በቤቱ ዙሪያ ያለውን አፈር በመድኃኒት ማከም ይገባል። ይህ ሥራ ሁለት ፈቃዶችን ይጠይቃል። ቤቱ ቅርስ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የጥገናም ሆነ የቁፋሮ ሥራ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይሠራም፤ በመሠረቱ ጎን የሚቆፈረው ቦይ ከሥሩ ያለውን የቀድሞ ዘመን ቅሪት ሊያበላሽ ይችላልና ይህ ወረቀት ለማሟላት ብቻ የሚደረግ አይደለም። መድኃኒቱ ደግሞ በፀረ ተባይ ሕጉ መሠረት በአገሪቱ የተመዘገበ መሆን አለበት። አልድሪን፣ ዲልድሪንና ክሎርዴን የተባሉት የቆዩ መድኃኒቶች፣ በተፈጥሮ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ መርዞችን በሚከለክለውና እ.ኤ.አ. በ2001 በጸደቀው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት የታገዱ ናቸው፤ በአሮጌ መጋዘን ተረስቶ የቆየ በርሜል ቢገኝ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይነገር እንጂ አይከፈት። ምስጥ ለማጥፋት በየቦታው የሚሸጠው ክሎርፓይሪፎስም እ.ኤ.አ. በ2025 በዚሁ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስለገባ፣ ረጪው እርሱን ካቀረበልዎ አይቀበሉ። ዛሬ የሚመረጡት እንደ ፊፕሮኒልና ኢሚዳክሎፕሪድ ያሉ፣ ምስጡ ሳያውቃቸው አልፎባቸው ወደ ጎጆው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ናቸው።

አሠራሩም በመሠረቱ ዙሪያ ጠባብ ቦይ ቆፍሮ፣ በጥልቀት ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ በርዝመት ለእያንዳንዱ ሜትር 5 ሊትር ያህል በመለያው መሠረት የተበጠበጠ መድኃኒት አፈሩን እያጠጡ መመለስ ነው። በዝናብ በጨቀየ አፈር አይሠራም፤ መድኃኒቱ ይታጠባል፣ ወደ ውኃም ይገባል። የጉድጓድ ውኃ ወይም ወንዝ በአቅራቢያ ካለ የመለያውን ርቀት ያክብሩ። ሁለቱም መድኃኒቶች ለንብ፣ ፊፕሮኒል ደግሞ በተለይ ለዓሣ አደገኛ ስለሆኑ በአበባ ላይ አይረጩ። ሠራተኞቹ የጎማ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ረጅም ልብስና ማጣሪያ ያለው የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ሥራው ሲያልቅ አፈሩ እስኪደርቅ ሙዚየሙ ተዘግቶ ይቆይ። በቤቱ ውስጥ ግን በምንም ምክንያት ቅርስ፣ የማሳያ ሣጥን ውስጥ፣ መጋዘንና ኮርኒስ አይረጭ። ይህን በውሉ ውስጥ በግልጽ ያስገቡ፤ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና የምዝገባ ቁጥርም ያጽፉ፤ ባዶ ዕቃው ለማንም ሳይሰጥ ረጪው ራሱ እንዲመልሰው ያስፈርሙ። ለነባር ቅርሶችም ጥንቃቄ አይለይ፤ ባለፉት ዘመናት በየሙዚየሙ አርሴኒክና ዲዲቲ በዕቃ ላይ ይረጭ ስለነበር፣ ታሪካቸው የማይታወቅ ቆዳዎችና ላባ ያለባቸው ዕቃዎች በባዶ እጅ አይያዙ።

በግቢው ወይም በአጥሩ ጥግ ኩይሳ ካለ ቆፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣት የአካባቢው ገበሬ በደንብ የሚያውቀው ሥራ ነው፤ ለማክሮተርመስ ጠቃሚ ነው፤ ይሁንና ኩይሳ ሳይሠሩ ከመሬት በታች የሚኖሩ ዓይነቶችም ስላሉ በእርሱ ብቻ አይተማመኑ። ከሌላ አገር የሚመጡት በመርዝ የተነከሩ የወረቀት ወጥመዶች ደግሞ ፈንገስ በሚያለማው የእኛ ምስጥ ላይ የሚያሳዩት ውጤት ያን ያህል አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ውስን በጀትዎን በእነርሱ ላይ እንዲያውሉ አልመክርም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ክትትል ነው። በቤቱ ዙሪያ በየሦስት ሜትሩ፣ ከመሠረቱ ትንሽ ራቅ አድርገው ደረቅ የባሕር ዛፍ ችካል ይትከሉና ቁጥር ይስጧቸው፤ በየወሩ ነቅለው ይዩ። የተበላው ችካል ቁጥር ምስጡ ከየት አቅጣጫ እየመጣ እንደሆነ ያሳያል። የዝናብ መጀመሪያ ላይ ክንፍ ያላቸው ምስጦች በምሽት ወደ መብራት ሲጎርፉ የውጭ መብራት ይጥፋ፣ መስኮቶች በወንፊት ይሸፈኑ፤ በማግስቱ በመስኮት ደፍ ላይ የተራገፈ ክንፍ የተገኘበት ክፍል በመዝገብ ይያዝ። ከክንፋም ጉንዳን የሚለያቸው አራቱ ክንፎቻቸው እኩል መሆናቸውና ወገባቸው አለመቅጠኑ ነው። ሙሉው ፍተሻ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦት ከዝናቡ በፊትና በመስከረም ከዝናቡ በኋላ ይደረግ፤ የአሸንዳው ጥገናና የውኃ መውረጃ ቦዩ ጠረጋ በግንቦቱ ፍተሻ ስለሚወሰን፣ ወጪው በዓመታዊ በጀትዎ ውስጥ ራሱን የቻለ መደብ እንዲያገኝ ከወዲሁ ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ይጻፉ።